ለደሳለኝ ዘንግ የገዛሁበት ቅዳሜ

ወንድሜ ደሳለኝ የሞተው ሐሙስ ነው። እኔ ግን እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ ወንድም ነበረኝ። የምጽፍላችሁ በመካከል ስላለችው ቅዳሜ ነው፤ አገር ቤት ላላችሁም፣ እንደ እኔ በሰው አገር ለምትኖሩም። ጽሑፍ የለመድኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ቃል ሲያጥረኝ ታገሱኝ።

ያን ቀን ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ስነቃ ይዘንብ ነበር። የዝዋይ ዝናብ ነጎድጓዱን ልኮ፣ አቧራውን አስነስቶ፣ መጣሁ ብሎ ነው የሚመጣው። የለንደን ዝናብ እንደ ሐሜት ነው፤ መቼ እንደ ጀመረ ሳታውቅ ርሰህ ትገኛለህ። ወደ ወጥ ቤት ስወርድ አከራዬ ጋሽ ተስፋይ እንቁላል እየጠበሱ ነበር። ለእኔ።

ጋሽ ተስፋይ የአስመራ ሰው ናቸው። በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ለንደን አውቶቡስ የነዱ። ሲናገሩ የጃንሆይ ዘመን ሬዲዮ የሚሰማ ይመስላል። ደግ ናቸው፣ ግን ቤቱን በሚያሞቀው ቦይለር ነገር አይደራደሩም። ጠዋት ትንሽ ያሞቁትና ይዘጉታል። በረደኝ ስላቸው «ሹራብ የተሠራው ለምን መሰለህ?» ይሉኛል። መጥበሻቸውን ደግሞ ማንም አይነካባቸውም። ያን ጠዋት ግን በዚያው መጥበሻ ጠብሰው፣ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ «ብላ፣ ሁሉንም ብላ» ይሉኝ ጀመር።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አልኳቸው።

«እንቁላሉ ሊበላሽብኝ ነው» አሉ።

ያውቁ ነበር። ከዝዋይ የተደወለው ዓርብ ማታ፣ በቤቱ ስልክ፣ እኔ ካምደን አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ድስት ሳጥብ ነው። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ዓይኔን አላዩኝም ነበር። ያኔ ግን ስለ ዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ብቻ ነበር የማስበው።

የዘንጉን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ። አባታችን ሲሞት እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ ደሳለኝ ነው፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዓሣ እያወጣ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወጣት የተባለ በመኪና ሲታፈስ፣ የክፍል ጓደኞቼ አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ ከሌላ ሰው ጋር በነበረው ጀልባ ላይ ያለውን ድርሻ ሸጠና «ሂድ» አለኝ። አውቶቡስ ድረስ ሸኘኝ። እጁ እንደ ወትሮው ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። አላለቀሰም። «እዚያ ሐይቅ ካለ ንገረኝ» ብቻ ብሎኝ ዞረ።

መተማን፣ ሱዳንን፣ በረሃውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስለ ባሕሩ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከሊቢያ በተነሳንባት ጀልባ ላይ ሁሉም እንደየእምነቱ ሲጸልይ እኔ የውኃውን መልክ ነበር የማየው። ነፋስ ሊነሳ ሲል ውኃ ቀድሞ እንደሚጠቁር ያስተማረኝ ደሳለኝ ነው። ሳይጠቁር አሻገረን። እዚህ ደርሼ ጥገኝነት ስጠይቅ ቃሌን የተቀበለችኝ ሴት ፋይሉን አገላብጣ «ቤታችሁ ሐይቅ ዳር ነበር፣ ዓሣም ነበራችሁ። ታዲያ ለምን መጣህ?» አለችኝ። የዓመት ፈቃድ ቦታዬን ትቼ የመጣሁ መስሏታል። አስተርጓሚው እንኳ ሳል ያዘው። የሆነው ሆኖ ወረቀት ሰጡኝ። በተሰጠኝ የጉዞ ሰነድ የትም መሄድ እችላለሁ፣ ከአንድ አገር በቀር።

ድርሻውን ከሸጠ ጀምሮ ደሳለኝ በሰው ጀልባ ተቀጥሮ ነበር የሚሠራው። ባለጀልባው ሲልከው ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳም ጭምር። አንድ ቀን ተገልብጠን ነበር ብሎ እየሳቀ በስልክ ነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። ዘንግ ልግዛልህ፣ ዳር ቆመህ አጥምድ፣ ጀልባውን ተወው አልኩት። «በዱላ ዓሣ የሚይዝ ፈረንጅ ነው» አለኝ። በሌላ ቀን ግን ሳላነሳበት ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያንን ነገር እስቲ ላክልኝ» አለ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁለት። ደሳለኝ ነገር አይጠይቅም።

ጋሽ ተስፋይ የሚያውቋት አንዲት ሴት ሰኞ ጠዋት ከጎረቤት ሰፈር ከኪልበርን ወደ አገር ቤት ልትሄድ ነበር። ለእሷ ለመስጠት የቀረችኝ ቅዳሜ ብቻ ናት። እንግሊዝኛዬ እንዳያሳፍረኝ ብለው ጋሽ ተስፋይ አብረውኝ ወጡ፤ እኔ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ኪልበርን ያለው የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ጠባብ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ አየርላንዳዊ ነው። ምን ዓሣ መያዝ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። የተገኘውን አልኩት። ቅር አለው። እዚህ አገር ለካ ሰው መጀመሪያ ዓሣውን ይመርጥና ለዚያ ዓሣ የሚሆን ዕቃ ይገዛል። እኛ ጋ ዓሣው ነው የሚመርጠን። ቆሮሶን በምን እንግሊዝኛ እንደምለው አላውቅም። ስለ አምባዛ በእጄ ጺም እየሠራሁ፣ አፌን እየከፈትኩ ሳስረዳው ግን ገባው። ሌላ ዓሣ የሚበላ ከሆነ የባስ ዕቃ ይበቃዋል አለ። ባስ እነሱ ከባሕሩ ዳርቻ የሚይዙት፣ ትናንሽ ዓሣ የሚያሳድድ ዓሣ ነው። ቀጥሎ ዘንጉ የሚገዛለት ሰው ጀማሪ ነው ወይ አለኝ። ደሜ ፈላ። ወንድሜ እኮ ከልጅነቱ ጀምሮ ባዶ ጠርሙስ ላይ በተጠቀለለ ክርና የመኪና ካንዴላ በታሰረበት መንጠቆ ቤተሰብ የመገበ ሰው ነው።

ጋሽ ተስፋይ በአማርኛ «በዘንግ ጀማሪ ነው በለው። ክብር አይቀንስም» አሉኝ።

ባለሱቁ ከዚያ በኋላ ሳይሰለች አስተማረኝ። ለሚቀጥለው ገዢ ስለሚጠቅም ልጻፈው። ሁሉንም ነገር በአንድ ላስቲክ አሽጎ የሚሸጠውን ርካሽ ስብስብ አልወሰድኩም፤ ለስጦታ ያምራል፣ ውኃ ሲያይ ግን ይሰበራል አለ። አቅምህ ትንሽ ከሆነ በሪሉ ላይ አትቆጥብ፤ ሪል ማለት ክሩን የሚጠቀልለው መዘውር ነው። ርካሽ ዘንግ ይሠራል፣ ርካሽ ሪል ግን አሸዋ በገባበት ቀን ነክሶ ይቆማል። ክሩ ለጀማሪ ነጠላው ይሻላል፤ የተጎነጎነው ጠንካራ ነው ግን ከተቋጠረ ቀንህን ይበላል። በትንሽ ዓሣ አምሳል የተሠሩት ማታለያዎች ግድግዳውን ሞልተውታል፣ ከረሜላ ይመስላሉ። ብዙዎቹ የሚይዙት ዓሣ ሳይሆን ገዢ ነው ብሎ ጥቂት ብቻ መረጠልኝ። ዘንጉን ደግሞ ለሻንጣ እንዲመች አራት ቦታ የሚፈታውን አወረደልኝ። ገጣጥሞ ሰጠኝና ነቅነቅ አደረግኩት። ጫፉ ወፍ እንዳረፈበት ሣር ይንቀጠቀጣል። ደሳለኝ በአውራ ጣቱ ብቻ የሚያውቀውን ያ ጫፍ ይነግረዋል ብዬ ደስ አለኝ።

መጨረሻ ላይ ለስላሳ መረብ አሳየኝ። ዓሣውን ሳይጎዱ ወደ ውኃ ለመመለስ ነው አለ። ለምን እንደሚመለስ ጠየቅኩት። እንዲኖር ነዋ አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ ተስፋይ በዚህ ነገር ኪልበርንን በሳቅ ያናጉት ነበር። ያን ቀን ግን ወደ መስኮቱ ዞረው አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

ሁለት ሪል ቀርቦልኝ ነበር። ጥሩው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ሌላውን አነሳሁ። ጋሽ ተስፋይ ከእጄ ወስደው መለሱትና ጥሩውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ለቀረው ከኪሳቸው ከፈሉ። ቦይለር የሚዘጉት ሰውዬ። «ይቅር፣ ጋሼ፣ ያኛውም ይበቃዋል» ብላቸው፣ «ጥሩውን ውሰድ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተቆርጦ። ጉንፋን መሰለኝ።

ማታ ደሳለኝ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ጋሽ ተስፋይ ኔትወርክ ነው አሉኝ። ዘንጉን ሳሎን ውስጥ ገጣጥሜ፣ እንዴት እንደሚወረወር በስልክ ላስረዳው እንድችል ስለማመድ፣ ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እሑድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሽማግሌዎች፣ ካፖርታቸው እንደ ራሰ፣ ኮሪደሩን ሞልተው ቆሙ። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ከእኛ መሃል ያን ሰዓት መጥቶ በር የሚያንኳኳውን የማያውቅ የለም። «ማን ነው? እማዬ ናት?» አልኩ። አንደኛው እጄን ያዘኝ። ነፋስ ነው አሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ዓርብ ተቀብሯል።

ስንት ሰዓት እንደጮህኩ አላውቅም። ቀና ስል ጋሽ ተስፋይ ከበሩ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። እንቁላሉ ትዝ አለኝ፣ ሪሉ ትዝ አለኝ።

«ለሞተ ሰው ዘንግ ስመርጥ ቆመህ አየኸኝ» አልኳቸው። «አንተ ሰው ነህ?»

በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ማለቴ ሁሉንም አስደነገጠ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። ዛሬውኑ ከዚህ ቤት እወጣለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ይዘው አስቀመጡኝ። ሰው እየተተካ፣ ምግብ እየመጣ ዋለ። እኔ አልበላሁም።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ደወለች። ድምፅዋ አልቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ በልቼ እንደሆነ ነው። ከዚያ ጋሽ ተስፋይን እንደ ተቆጣሁ ነግረዋት መሰለኝ፣ እንዲህ አለችኝ።

«እኔ ነኝ ያልኳቸው፣ ብሩኬ። ዓርብ ከሥራ ደክሞት ይገባል፣ አትንገሩት አልኩ። ቅዳሜ ለወንድሙ ዕቃ ሊገዛ ነው፣ ደሴ ነግሮኛል። ቅዳሜዋን ተዉለት አልኩ። እኔስ እንዲህ ያለች ቀን የሚሰጠኝ ባገኝ…»

አልጨረሰችውም። ቆይታ ምን እንደ ገዛሁለት ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ዘንጉን፣ ሪሉን፣ ክሩን፣ እንደ ከረሜላ የሚያብለጨልጩትን ማታለያዎች። ላከው አለች። ማን ሊይዘው ነው አልኳት።

«እኔ ልያዘው። የመረጥክለትን በእጄ ልያዘው።»

ሰኞ ጠዋት ይህን አደረግኩ። ዘንጉን አራት ቦታ ፈትቼ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት። ሴትዮዋ ወደ ኤርፖርት ሳትወጣ መድረስ ነበረብኝ፣ ቤቷን ደግሞ አላውቀውም። ውጭው ገና ጨለማና ብርሃን እንደ ተቀላቀለ ሄጄ የጋሽ ተስፋይን ክፍል አንኳኳሁ። ሌላ ምንም አላሰብኩም ነበር።

በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው አመድ ሆኗል። በአንድ እጃቸው መቃኑን ይዘዋል።

«አስመራ ነው?» አሉ። «እህቴ ናት?»

ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ። በዚያ ሰዓት በር አንኳክቼባቸው ነበር።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሽ ተስፋይ» አልኳቸው። «ሴትዮዋ ሳትሄድ እንድረስባት ብዬ ነው። ያለ እርስዎ ቤቱን አላገኘውም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እህታቸውን ካዩ ብዙ ዘመን እንዳለፋቸው አውቃለሁ፤ ወደ አስመራ መንገዳቸው እንደ እኔው የተዘጋ ነው። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። «ወደይ» አሉኝ ቆይተው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አንድ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ልነግርህ ነበር። ጫፉን ስታወዛውዝ ሳቅክ። አልቻልኩም።»

ካፖርታቸውን አምጥቼ አለበስኳቸው። አውቶቡስ አልጠበቅንም፣ በእግራችን ወጣን። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ መንገዱ እርጥብ ነው። ከረጢቱ ከባድ አይደለም፣ ልጅም ይሸከመዋል። ትንሽ እንደሄድን ጋሽ ተስፋይ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ፣ ልቀበልህ» አሉ።

አይከብደኝም ልላቸው ነበር። ግን አገር ቤት ቀብር ስንሸኝ ተሸካሚው ሳይደክመውም ከኋላ ያለው መጥቶ ትከሻውን እንደሚሰጥ ትዝ አለኝ። ዓርብ ዕለት ደሳለኝን ማን ማን እንደ ተቀባበለው አላውቅም። ከረጢቱን ሰጠኋቸው። ጥቂት ተራምደን መልሼ ተቀበልኳቸው። እንዲሁ እየተቀባበልን ኪልበርን ደረስን።