ከአውድማው ይወሰድ ወይስ ከገበያው?

ስለ ግብር የሚያውቅ ሰው በሰንበቴያችን አንድም አልነበረም፤ ስለ ግብር ያልተናገረም አልነበረም። ነገሩ የተጀመረው አስራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይከፈላል የሚለው አዋጅ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ወደምትርቀው መንደራችን ሲደርስ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከቤተ ክህነት ትምህርት ወጥቼ፣ ሰቆጣ መሥሪያ ቤት በር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍሁ የማድር የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። እሑድ እሑድ አባቴን ልጠይቅ እወጣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ማኅበርተኛ ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ሲቀዳ ክርክሩ ይነሣል።

አዋጁ እኛ እንደገባን ከሆነ፣ ገማቾች በመኸር ጊዜ እየዞሩ የየገበሬውን ምርት በዓይናቸው አይተው ይገምታሉ፣ ግብሩም በግምቱ ልክ ይጣላል። ሰዉ የፈራው ግብሩን አልነበረም፤ ግብርማ ከቅድመ አያት ጀምሮ የለመድነው ነው። የፈራው ግምቱን ነበር። የሰው ዓይን ክምር ላይ አርፎ መቼ መልካም ነገር አምጥቶ ያውቃል?

ከሁሉ ይልቅ የተቆጡት አባቴ ናቸው። አባቴ ሁለት በሬ ያላቸው፣ ከማንም ተበድረው የማያውቁና በዚህም የሚኮሩ ሰው ነበሩ። «ክምሩ ሁሉ የኔ አይደለም» አሉ። ከውስጡ ዘር አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ አለ፣ ክረምቱን የሚያወጣ ቀለብ አለ፤ ገማች ግን የሚያየው ክምሩን ብቻ ነው። ስለዚህ መንግሥት አውድማውን ትቶ ገበያው ላይ ቢቆም ይሻላል። የተረፈው ሰው አውጥቶ ይሸጣል፣ ሻጭም ገዢም በየድርሻቸው ይከፍላሉ፣ ገማች የሚባል ሰውም በደጃችን አያልፍም። ወንዶቹ ሁሉ እውነት ነው፣ ይህንኑ ጽፈን እናመልክት አሉ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ነገሩን ሊያበርዱ ሞከሩ፤ ማመልከት እንጂ መክሰስ አይደለም ሲባሉ እሳቸውም ተዉት።

የተቃወመችው አክስቴ ናት። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ መሬት ሳይኖራት፣ ጥጥ ፈትላ እየሸጠች፣ በዚያው ጨውና ገብስ እየገዛች ሦስት ልጆች ታሳድግ ነበር። በሰንበቴ ላይ ሴት በወንዶች ነገር እምብዛም አትገባም። የዚያን ቀን ግን የያዘችውን የዳቦ ሌማት መሬት አስቀምጣ ተናገረች።

«ዛሬ መንግሥት ከኔ የሚወስደው የለም፤ ምን አለኝና። ወንድሜ፣ ከገበያ ይወሰድ ስትል ከኔ ይወሰድ ማለትህ ነው። ያላረሰም ሰው ይበላል እኮ።»

ሳቁባት። አባቴም እየሳቁ፣ የጨው ቀረጥ ቢጨምርብሽ እኔ እከፍልልሻለሁ አሏት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ከዚያ ወረቀቴን አወጣሁና ማመልከቻውን በቁም ጽሕፈት አሳምሬ ጻፍሁት። ማኅበርተኛው አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ሲያትም በእጄ ሥራ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መልስ አልመጣም። ገማቾቹ ግን መጡ።

የገማቾቹ ሹም ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበርና የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣኛንም አማርኛንም አሟልቶ የሚያውቅ ጸሐፊ ፈለገ። ሰዎች እኔን ጠቆሙት። ሥራዬን ከወደደው በቋሚነት እንደሚያስቀጥረኝ፣ ለዘመድ ሳደላ ካገኘኝ ግን በዚያው ቀን እንደሚያሰናብተኝ ነገረኝ። ደመወዝ የሚባል ነገር ከቤታችን ገብቶ አያውቅም። መዝገቡን ታቅፌ፣ ከሹሙና ከሁለት የአገር ሽማግሌዎች ጋር ከአውድማ አውድማ መዞር ጀመርሁ። በአምስተኛው ቀን አባቴ አውድማ ደረስን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር አውድማ ላይ እህል አነሰ አይባልም። አለቀም፣ ጎደለም አይባልም። አውድማ ላይ የቆመ ሰው የሚያወራው ስለ ብዛት ብቻ ነው። ተመርቶ የተገኘው አንድ ስልቻ ባይሞላ እንኳ «ሞልቶ ተርፏል» ይላል፤ ያለዚያ በረከቱ ይሸሻል፣ የዚያ ዓመት እህል አይበረክትም፣ የሚመጣው ዓመትም አይሰጥም። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። እውነቱ የሚወራው ከአውድማ ወጥቶ ቤት ከተገባ በኋላ ነው።

የዚያ ዓመት ገብስ ውርጭ የመታው ነበር። ክምሩ ትልቅ ነው፤ ፍሬው ግን ባዶ ገለባ ነው። ሹሙ ዙሪያውን እያየ ምን ያህል እንደሚገኝ ጠየቀ፤ እኔ በኽምጣኛ ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ መንሻቸውን ተመርኩዘው አንድ ጊዜ አዩኝ።

«ሞልቶ ተርፏል። አምላክ ዘንድሮ አትረፍርፎ ሰጥቶናል» አሉ።

ቃል በቃል ተረጎምሁት። ሹሙ እንዲህ ያለ ቅን ገበሬ በማግኘቱ ደስ አለው፤ ራሱ ካሰበው ላይ ጨምሮ ቁጥሩን ነገረኝ፣ እኔም ጻፍሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያዩ ነበር። እነሱም አውድማ ላይ ቆመዋልና ምን ይበሉ።

ከአውድማው ከወጣን በኋላ ግን መንገዱ ነበረ። እስከሚቀጥለው መንደር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሹሙ በበቅሎ፣ እኔ ከጎኑ በእግሬ። «ጌታዬ፣ ያ ሰው ልማዱ ነው ያናገረው፤ አንድ እፍኝ ወስደው ቢያሹት ገለባ ነው» ለማለት ያን ሁሉ መንገድ አያስፈልግም። ምላሴ ላይ ብዙ ጊዜ መጣ። አባቱ ነው፣ አደላ ይለኛል እያልሁ፣ ይህ ወንዝ ይለፍ፣ ያ ዳገት ይለፍ እያልሁ ደረስን። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የኔው ነቅዟል፤ እስከ ዛሬም ይበላኛል።

ግብሩ ሲጠየቅ አባቴ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። አንዱን በሬ ሰቆጣ ገበያ አወረዱት። የገበያው ቀረጥ በዚያው ሰሞን ጨምሮ ቆየን። የኛ ማመልከቻ ያመጣው ይሁን በራሱ የመጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የገቢው ግብር ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አባቴ በሬው ሲሸጥ ቀረጡን ከፈሉ፤ የቀረውን ይዘው ግብሩን ከፈሉ። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት መሥሪያ ቤት መጡና ሁለቱን ደረሰኞች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ማንበብ አይችሉም።

«የትኛው ነው የትኛውን የሚተካው?» አሉኝ።

አንዱም አንዱን እንደማይተካ ነገርኋቸው። ወረቀቶቹን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ ጎረቤቶቻችን ግን እነሱም አውድማ ላይ «ሞልቶ ተርፏል» ያሉ ሰዎች ናቸውና ብዙዎቹ በሬያቸውን ሸጠው ነበር። አባቴ መሬታቸውን ጥንድ በሬ ላለው ሰው፣ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ፣ ሰጡ። ቀጥሎ ዝናቡ እምቢ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እምቢ አለ። ሁለተኛው በሬ መኖ አጥቶ ሞተ። እኔ በቋሚነት ተቀጥሬ ነበር፤ ከደመወዜ ላይ የገቢ ግብር ይቆረጥብኛል፣ ከፈልሁ እንኳ አልልም።

አንድ የገበያ ቀን አባቴን ገብስ ሻጮች ዘንድ ባዶ ስልቻ ይዘው አየኋቸው። ሊሸጡ እንጂ ሊገዙ ገብስ ተራ ቆመው አያውቁም። አጠገባቸው አክስቴ ነበረች። ስንት ዓመት በቆመችበት ተራ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ የትኛዋ ሻጭ ስፍሯ እንደሚሞላ፣ የትኛዋ እንደምታጭበረብር በጆሯቸው ነገረቻቸው። ስለዚያ ክርክር አንዳች አልተነጋገሩም። ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗ ግን ለሷም ለልጆቿም አንድ እፍኝ አልጨመረላቸውም። ከልጆቿ ትንሹ በዚያ በጋ ሞተ።

ረሃቡ በጸናበት ዓመት አባቴን እኔ ቤት አምጥቼ አስተኛኋቸው። የኔ ደመወዝም ያን ጊዜ እህል የሚገዛ አልነበረም። ሰውነታቸው እንዳለቀ ሳይ፣ ያን የአንድ ሰዓት መንገድ ሳልነግራቸው እንዳይሞቱ ፈራሁ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥሁና «ያን ጊዜ፣ ከገማቾቹ ጋር የመጣሁ ዕለት» ብዬ ጀመርሁ።

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ልልህ የምፈልገው እሱን ነበር» አሉ። «ሌላ ልጅ ቢሆን፣ አባቴ ውሸቱን ነው፣ ገለባ ነው ብሎ በአውድማዬ ላይ በረከቴን ያባርርብኝ ነበር። አንተ ዝም አልህልኝ። እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።»

እጃቸው ራሴ ላይ ነበር። አሜን አልሁ፤ የቀረውን ሳልናገር በሦስተኛው ቀን ቀበርኋቸው።