ከመጋረጃው ጀርባ የተጠየቅሁ ዕለት

ይህ የገጠመኝ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የልጆች እናት ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርግ በልቻለሁ። ኒካህ በሚታሰርበት ቤት ከሴቶች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ግን፣ ምስክሮች መጥተው «ሙሽራዋ አባቷን ወክላለች?» ሲሉ ጆሮዬ ይቆማል። የሚመልሰው ማን እንደሆነ ሳላጣራ አላልፍም።

ቤታችን መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ ነበር። አባቴ ሐጂ ሸረፋ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ነበር። በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ፣ የሰው ጣቃ ተሸክሞ፣ ቀስ በቀስ የራሱን ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ቤታችን ጥብቅ ነበር። ሙዚቃ አይከፈትም። እንግዳ ወንድ ሲመጣ ሴቶች ወደ ጓዳ እንገባለን። ሶላት ያሳለፈ ሰው ሰግዶ ካልመጣ ምሳ አይቀርብለትም። ይህን የማወራው እያማረርኩ አይደለም። ሳቅ የማይጠፋበት፣ እንግዳ የማይለየው ቤት ነበር።

አባቴ እኔን ከወንዶቹ አሳንሶ አያውቅም። ቁርአን ያስቀራኝ እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት የላከኝም እሱ ነው። ከትምህርት ስመለስ ሱቅ እቀመጥ ነበር። ከገዢ ጋር ክርክር ከያዝኩ የምሸነፍ ሰው አልነበርኩም፤ አባቴም ጥግ ሆኖ እየሰማ ይስቃል። ቤት ስንገባ ግን እሱ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ሰው የለም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ሳለ፣ እናቴ አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ ለነስሩ መታጨቴን ነገረችኝ። ነስሩ የአባቴ የንግድ ወዳጅ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ሱቅ ነበረው። አንድ ጊዜ ከአባቱ ጋር ሲመጣ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ መልከ መልካም፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚሄድ ሰው። ክፉ ነገር ሲወራበት ሰምቼ አላውቅም።

ግን አልፈለግሁትም። ሌላ የወደድኩት ሰው ኖሮ አይደለም። መምህር መሆን ነበር የምመኘው። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ደግሞ ስለ እኔ ሲመከር እኔ አለመኖሬ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። አባትሽ ቃል ሰጥቷል፣ የሐጂ ሸረፋ ቃል እንዴት ይመለሳል ብላ አለቀሰች። አክስቴ ሙና፣ የአባቴ እህት፣ የቤተሰቡን ሰርግ ሁሉ የምትመራው እሷ ናት። እኛ ሁላችን እንዲሁ ነው ያገባነው፣ ምን ጎደለብን አለችኝ። ለአባቴ ራሴ ልንገረው ብዬም ስንቴ ተነስቻለሁ። ሱቅ ድረስ እሄድና ጣቃ አስተካክዬ፣ አቧራ አራግፌ እመለሳለሁ። 

አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። ቁርአን ቤት ሳለን ኡስታዛችን ሴት ልጅ ሳትጠየቅ እንደማትዳር አስተምረውናል። ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ምስክሮች ወደ ሙሽራዋ ይመጣሉ። አባቷን መወከሏን ከእሷ ይሰማሉ። እሷ ካልወከለችው አባት በስሟ አይዋዋልም። እኔ ያንን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ። የኒካሁ ዕለት ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግጄ ሳበቃ ልቤ ቆረጠ። ለማንም ምንም አልተነፈስኩም። ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ አልኩ።

ቀኑ ጁምዓ ነበር፤ ክረምት። ኒካሁ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው የተባለው። የዚያን ዕለት ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶ፣ ጭቃው ላይ ላስቲክና ካርቶን አንጥፎ፣ እስከ በራችን ደርሶ ነበር። እንግዶቻችን ሶላቱ እስኪያልቅ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ሰግደው ነው ወደ ቤት የገቡት። ግቢው ውስጥ ሩዝና የበግ ሥጋ በትልልቅ ድስት ተቀቅሏል። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ የውስጠኛው ክፍል። በመካከላችን ወፍራም መጋረጃ አለ። እኔን በሂና ያጌጠ እጄን ጭኔ ላይ አሳርፈው፣ ነጭ ሻሽ ፊቴ ላይ ጥለው፣ ከመጋረጃው አጠገብ አስቀመጡኝ። አክስቴ ሙና ከጎኔ ናት።

የቤታችንን ኒካህ ሁልጊዜ የሚያስሩት ሸኽ ዘመድ ሞቶባቸው ቀብር ሄደው ነበር። አባቴ ሲጨነቅ፣ ጎረቤታችን ቅመም ነጋዴው ጋሽ ከማል እቤታቸው አንድ እንግዳ እንዳሉ ነገሩት። ለዓይን ሕክምና ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ሸኽ ናቸው፤ በአገራቸው ኒካህ ሲያስሩ ኖረዋል። አባቴ አልሃምዱሊላህ ብሎ አስጠራቸው።

እኔ ፊታቸውን አላየሁም። ሲገቡ የከዘራቸውን ድምፅ ብቻ ሰማሁ።

ትንሽ ቆይቶ ሁለት ምስክሮች ወደ መጋረጃው ቀርበው፣ አባቴን ለኒካሁ ወክዬው እንደሆነ ጠየቁ። አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ጉልበቴን ጫን አድርጋ ያዘችና «ወክላለች፣ ወክላለች» አለች። ሴቶቹ ለእልልታ ተዘጋጁ። አለቀ አልኩ በልቤ። ስጠብቀው የከረምኩት ጥያቄ መጣ፤ ሌላ ሰው መለሰው።

ይሄኔ ከሳሎን አንድ የሸመገለ ድምፅ መጣ።

«ቆዩ እስቲ። አሁን የመለሰችው ሙሽራዋ ናት?»

አንድ ሰው ሳቅ ብሎ አክስቷ ናቸው፣ ልጅቷ አፍራ ነው አለ። አባቴም ድንግል ልጅ ዝምታዋ ፈቃዷ እንደሆነ አስታወሰ። ሸኹ ድምፃቸውን አልጨመሩም። ልክ ነው፣ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው አሉ። «ግን እኔ ዝምታዋንም አልሰማሁም። ዝም ከማለቷ በፊት ሌላ ሰው ተናገረላት።»

 ከዘራው ወለሉን እየነካ ወደ እኛ ቀረበ። ሸኹ ከመጋረጃው ማዶ ቆመው አክስቴን በትህትና፣ እህቴ ትንሽ ፈቀቅ በይላት አሏት። አክስቴ እጇን አነሳች።

«ልጄ፣ ስምሽ ማነው?»

«ዘይቱና።»

«ዘይቱና፣ እኔ ለዚህ ቤት እንግዳ ነኝ። ከማንም ጋር ዝምድና የለኝም። አባትሽን ወክለሽው ከሆነ ደስ ብሎኝ አስራለሁ። ካልወከልሽውም ነውር የለበትም። ወክለሻል?»

«አልወከልኩም» አልኩ።

ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። ሱቅ ውስጥ ከገዢ ጋር የምከራከርበት ድምፄ ነው የወጣው፤ ሳሎኑ መጨረሻ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው።

እናቴ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።  ከማዶ ሁሉም ባንዴ ተናገረ። የነስሩ አጎቶች ተቆጡ፤ ከድሬዳዋ ድረስ መጥተን በአደባባይ ተሰደብን አሉ። አባቴ ስሜን ጠራ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራኝ፤ በዚያ ድምፅ ግን ጠርቶኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። መጋረጃውን ገፍቶ ይገባል ብዬ ጠበቅሁ።

ሸኹ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። በመጋረጃው ጠርዝ ሳይ፣ በእኔና በአባቴ መካከል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ቀጭን ነበሩ፤ ትከሻቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገዋል።

«ሐጂ፣ ዛሬ አልተዋረዱም» አሉት። «የማይሆን ኒካህ በስምዎ ሊታሰር ነበር። አላህ ጠበቀዎት።»

ከዚያ ስለ እኔ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ምን እንደተዘጋጀ ጠየቁ። ሩዙና ሥጋው ተነገራቸው። ጁምዓ የሰገደው ሰው ገና አልተበተነም፣ መስጊዱ በር ላይ የተራበው ብዙ ነው፣ ይህን ምግብ በሁለታችሁም ቤተሰብ ስም ሰደቃ አድርጉት አሉ። ሰደቃ ከወጣበት ቤት ሰው ተኳርፎ አይወጣም አሉ።

ማንም አልተነሳም። አባቴ ወለሉን ያያል። የነስሩ አባት አባቴን ያያል።

መጀመሪያ የተነሳው ነስሩ ነው። አዲሱን ኮቱን አውልቆ ትራሱ ላይ አስቀመጠው። እጅጌውን ሰበሰበና ወደ ግቢው ወጣ። በጓዳው መስኮት በዓይኔ ተከተልኩት። አንዱን ትሪ አንስቶ ለጓደኛው ሰጠ፤ ሌላውን አንስቶ ለሌላው። ወጣቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ተቀበሉት። ትልቁን ድስት ብቻውን ሊያነሳ ሲታገል አባቴ ከሳሎን ወጣ። ዝም ብሎ ሄዶ በሌላው ወገን ያዘለት። ሁለቱ ድስቱን በመካከላቸው ይዘው በበሩ ሲወጡ አየሁ።

ያን ቀን መንገድ ላይ ያለው ሰው ሐጂ ሸረፋ ሰደቃ አወጡ ነው ያለው። በማግስቱ እውነቱን ሁሉም አወቀ፤ መርካቶ ወሬ አያሳድርም። ግን ወሬው ሲደርስ ሰዉ ምግቡን በልቶ፣ መርቆ ጨርሶ ነበር።

ሸኹ ዱዓ አድርገው፣ ከነስሩና ከአባቴ ጋር ባንድ ትሪ በልተው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት በመጋረጃው በኩል አባቴን እንዳከብር፣ እምቢ ማለትና አለማክበር አንድ እንዳልሆኑ ነገሩኝ። ላመሰግናቸው ፈልጌ ወንድሜን ወደ ጋሽ ከማል ቤት ብልከው፣ ሕክምናቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሄደዋል ተባለ። ጋሽ ከማል መስጊድ ውስጥ አግኝተው ያሳደሯቸው እንግዳ ናቸው። «ሸኽ» ከማለት በቀር ስማቸውን እሳቸውም አልጠየቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። አባቴ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ማናገር ግን ተወ። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ለእናቴ፣ ልጅሽን እንዲህ በያት ይላል። አክስቴም እግሯን ከቤታችን አነሳች። የማትሪክ ውጤት መጣና መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። አባቴ ሂጂም አላለኝ፣ አትሂጂም አላለኝ። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ ሲኒማ ራስ ታክሲ እይዛለሁ። አባቴ በየቀኑ ከሩቅ ተከትሎኝ፣ ታክሲ ውስጥ መግባቴን አይቶ እንደሚመለስ ወንድሜ የነገረኝ ቆይቶ ነው።

ረመዳን ገባ። ቤታችን ፆም ሲፈታ ተምር የሚያድለው አባቴ ነው፤ በእጁ ለእያንዳንዳችን ይሰጣል። መጀመሪያ ሰሞን የእኔን ለእናቴ ይሰጥና እሷ ታቀብለኛለች። አንድ ቀን መግሪብ አዛን ሲል እጁ ወደ እኔ መጣ። «እንኪ» አለኝ። ተቀበልኩት። እናቴ ቀና አላለችም፤ ሾርባዋን ማማሰል ቀጠለች።

ሰግደን ስናበቃ አጠገቤ ተቀመጠ።  «ጣቃ ሳመጣ እንኳ ይሄ ይሄዳል ወይ ብዬ እጠይቅሽ ነበር» አለኝ።  በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ ሰዎች ሲመጡ አባቴ መልስ ሳይሰጥ ሸኛቸው። መጀመሪያ እሷን ጠየቃት። እሷ ወዲያው እሺ አለች፤ ጉድ ነው፣ እኛ ሳናውቅ እሷ ወዳው ነበር። እኔም ከዓመታት በኋላ ወድጄ አገባሁ። ነስሩ ድሬዳዋ ትዳር ይዞ ወልዶ ከበደ። አባቴ ሲሞት ለተዕዚያው፣ ለለቅሶው፣ ከዚያ ድረስ መጥቶ ከወንድሞቼ ጋር ተቀመጠ። ከዚያ ሰርግ ቤት ከነበሩት ወንዶች፣ ከሸኹ ቀጥሎ የማከብረው እሱን ነው።

አሁን መምህር ነኝ። ታሪኩን ስናገር አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ያዝኑልኛል፤ ከዚያ ቤት አምልጠሽ ነው የተረፍሽው ይሉኛል። ከእኛም ወገን ወግ አፈረሰች የሚሉኝ አሉ። ሁለቱንም አልቀበልም። እኔ ከየትም አላመለጥኩም። እዚያው ቤት አደግሁ፣ እዚያው በሃይማኖቴ ተጠየቅሁ፣ እዚያው መለስኩ። ያፈረስኩት ወግ የለም፤ ሴት ልጅ ትጠየቅ ያለው ሃይማኖታችን ነው።

ያን ቀን ሸኹ ያልመጡ ቢሆኑስ ብዬ ራሴን የምጠይቅበት ጊዜ አለ። ምናልባት አክስቴ ብትመልስልኝም ጮኼ እናገር ነበር። ምናልባት አልናገርም ነበር። አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም።

ሰግጄ ስጨርስ ለእናቴና ለአባቴ ዱዓ አደርጋለሁ። ቀጥሎ ለእሳቸው። ስማቸውን ስለማላውቅ ከወሎ የመጡት እንግዳ እላለሁ። አላህ ማን እንደሆኑ ያውቃል።