የላብ ትምህርት

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ዘመን በሕክምና ቤቱ ቁስል አጣቢ ለመሆን ከሚማሩት ስድስት ጎረምሶች አንዱ እኔ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከአርበኞች ጋር አባይ በረሃ ነበር። የአንዲት እናት ሁለት ልጆች፣ አንዱ ጫካ፣ አንዱ ጠላት ቤት። የሰፈሩ ሰው በሆዱ ምን ይለኝ እንደነበር አላጣሁትም። እናቴ ግን «ሰው ማዳን ከሆነ የምትማረው፣ ከማንም ተማረው» ብላ ስንቄን ቋጥራ ሰደደችኝ።

የሚያስተምሩን ከመረብ ማዶ የመጡ፣ አማርኛቸው ትንሽ የሚከብድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ አሰለፉንና የብርጭቆ ሙቀት መለኪያዋን በየተራ ብብታችን ሥር አስገቡ። ልካችንን በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፍን። ከዚያ «ሩጡ!» አሉን። ዳገቱን ሦስት ጊዜ ወጥተን ወረድን። ላባችን በጀርባችን እየወረደ፣ እያለከለክን ስንመለስ እንደገና ለኩን። ሁላችንም የነደድን መስሎን ነበር፤ የመለኪያዋ መስመር ግን ከቦታዋ ፈቅ አላለችም ማለት ይቻላል።

«አያችሁ?» አሉ መምህራችን። «ውጭው ቢሞቅም ቢበርድም ሰውነት የውስጡን ልክ አይለቅም። ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቀው ያልበዋል። ላቡ ነው የሚያበርደው። እንዴት እንደሚያበርደው ነገ ሞክረን እናያለን።»

የነገውን ትምህርት እኔ አልተማርኩም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለገበያ የመጣች የሰፈራችን ሴት ሽንኩርት የምትሸጥልኝ መስላ ጠጋ አለችኝና «ወንድምህ ታሞ ቤት ገብቷል፤ እናትህ ድረስ ብላሃለች» አለችኝ። በረሃው ንዳድ አስይዞት በበቅሎ ጭነው አምጥተውታል። እሱን ወደ ሕክምና ቤት ማምጣት ለስቅላት ማስረከብ ነው። ኪኒን ስጡኝ ብል ደግሞ፣ ለማን ልል ነው? እናቴ ታመመች ብዬ ፈቃድ ለመንኩና በማግስቱ ገና ሲነጋ ወደ መንደራችን የሚወስደውን የአማኑኤልን መንገድ ተያያዝኩት።

ቤት ስደርስ በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ወንድሜ መደቡ ላይ በቡሉኮ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ይታያል። በእኛ አገር ንዳድ የያዘውን ሰው ደራርቦ ሸፍኖ ማላብ ነው፤ ያላበውን ሰው ነፋስ ካገኘው ብርድ ይመታዋል ይባላል። እሱ ግን «ግለጪኝ እማዬ፣ ተቃጠልኩ» እያለ ይለምናል። እናቴ አንጀቷ አልቻለም።

«ትንሽ ልግለጥለት ይሆን? አንተ ተምረሃል፣ እስቲ ንገረኝ» አለችኝ።

አዋቂው እኔ የተነሳሁት ይህን ጊዜ ነው። የአገሬ ልማድና የመምህሬ ቃል ግጥም አሉልኝ። ላብ የሚያበርድ ከሆነ፣ ብዙ ላብ የበለጠ ያበርዳል። እንዲህ አድርጌ ነው የደመርኩት፣ እኔ ጅሉ! «አይሆንም» አልኳት። «ላቡ ነው የሚያድነው፤ እንዲያውም ጨምሪበት።» የራሴንም ጋቢ አውልቄ ደረብኩበት። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና «ጨከንክብኝ እኮ» አለኝ። «ስትድን ታመሰግነኛለህ» ብዬ ሳቅሁ።

ላቡ መጣ፤ ሥሩ ያለው ቁርበት እስኪርስ ድረስ መጣ። እኔም ደስ አለኝ። ግንባሩን ስነካው ግን እጄን ያቃጥለኛል። ገና ነው፣ ይቆይ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ መቃዠት ጀመረ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አረፈ። ባንዳ እንዳይሰማ ያለ ሙሾ ቀበርነው፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሕክምና ቤቱ ተመለስኩ። ለሐዘን ፀጉሬን እንኳ አልተላጨሁም፤ ለማን ብለህ ቢሉኝ መልስ የለኝማ። ጓደኞቼ ያመለጠኝን ሊነግሩኝ ተሻሙ። እኔ በሄድኩ ዕለት መምህሩ ከመካከላቸው ሁለቱን አስሩጠዋቸው ነበር አሉኝ። አንደኛው ደረቱን ከፍቶ ነፋስ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላውን በቡሉኮ ጠቀለሉት። ደረቱን የከፈተው ላቡ ሲደርቅለት ወዲያው በረደለት። የተጠቀለለው ግን ላቡ እየተንጠፈጠፈ መስመሯ ወጣች፣ አሁንም ወጣች፣ ራሱን ሊስት ሲል ገፈፉለት። «ላብ የሚያበርደው ሲደርቅ ነው፤ መድረቂያ ካጣ ውኃ ብቻ ነው» ብለዋል መምህሩ። አንዱ የተጠቀለለውን ልጅ እያስመሰለ ምላሱን ጎልጉሎ አሳየን። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። 

ንዳዱ ነው የገደለው ወይስ እኔ፣ ዛሬም አላውቅም። ንዳድ ያለ እኔ እርዳታም ብዙ ሰው ፈጅቷል። ያን ሦስት ቀን ግን ሲቃጠል እንዲሰነብት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ይህንን አውቃለሁ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ተዝካሩን በይፋ አወጣንለት። ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትጠላኝ» አለች። «በሁለተኛው ቀን አንተ ከብቶቹን ልታጠጣ ስትወርድ አላስችል ብሎኝ ገለጥኩት። በሩንም ከፈትኩለት። በነጠላዬ ሳራግብለት ‹ተመስገን› አለኝ፣ ፈገግም አለ። ኮቴህን ስሰማ ፈርቼ መልሼ ሸፈንኩት። ያ ብርድ ነው የመታብኝ። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ እስክሞት የገለጥኩበትን ቀን፣ ሰኞን፣ እጾምለታለሁ።»

ወንድሜ በዚያ ሁሉ ቀን የታከመው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያከመችውም እሷ ነበረች። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ይህን ለመንገር ግን ሌላውንም፣ የእኔን ጥፋት፣ መንገር ነበረብኝ። «ተይ እማዬ፣ እግዜር ነው የወሰደው» አልኳትና ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ሰኞ በመጣ ቁጥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ በአፏ አይገባም፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ምሳዬን እበላ ነበር።