ጥላውን የሚሸሹት ልብስ ሰፊ

የዚያን ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የሳንባ ምች ያደቀቃቸው ልብስ ሰፊ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ በየሦስት እርምጃው ቆም እያሉ ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ወጡ። ሃያ ዓመት ፀሐይ በማይገባበት ምድር ቤት ሲሰፉ ኖረው ቫይታሚን ዲ አንሷቸዋል፤ ሐኪሙም ሕመሙ እንዳያገረሽባቸው ሰግቷል።

«እትዬ፣ ምነው ቢተኙ!» አለቻቸው ጽዳት ሠራተኛዋ።

«ኪኒኑን ዋጥኩ። ፀሐይዋን ደግሞ በባልዲሽ ታመጭልኛለሽ?»

እጅጌያቸውን ሰብስበው ፀሐይ ላይ ካለች ወንበር ተቀመጡ። ጥላው በደረሰባቸው ቁጥር ወንበራቸውን ይጎትታሉ፤ ሳሉ ሲያጣድፋቸው አሳልፈውት እንደገና ይጎትታሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቀረች፤ እንዲህ ለነፍሱ የሚሟገት ሰው ካየች ቆይታለች።

አሁን ሴትዮዋ ድነው ሥራቸው ላይ ናቸው። የስፌት መኪናው ያው ምድር ቤት ነው፤ ቁልፍ የሚተክሉት ግን ደጅ ወጥተው ነው።