ከሰሉ የበላው ሽታ

ባለፈው ክረምት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስሄድ፣ አንድ ሽማግሌ በዝናብ የራሰ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገብተው ከፊቴ ተቀመጡና የእርጥብ ልብስ፣ የጭስና የፈረስ ላብ ሽታ መኪናውን ሞላው። ረዳቱ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ፣ አጠገባቸው የነበረችው ልጅ መስኮት ከፈተች፣ እኔ ግን ሳላስበው ወደ ፊት ጠጋ ብዬ አየሩን በረጅሙ ሳብኩ። ያየኝ ሰው ቢኖር አብዳለች ይል ነበር። የአባቴ ቤት ሽታ ነበር፤ እናቴ ልጅነቴን ሙሉ ስትዋጋው የኖረችው ሽታ።

ቤታችን እንጅባራ ከተማ ዳር ነበር። አባቴ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ ለእኛ በአማርኛ፣ ለዳማ በአዊኛ ነበር የሚያወራው፤ ማን የበለጠ እንደሚታዘዘው ስለሚያውቅም ምሥጢሩን ሁሉ የሚያካፍለው ለፈረሱ ነበር። ዳማ ጓሮ በረት ውስጥ ያድራል፤ ኮርቻውና ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ግን ቤት ውስጥ፣ ከአባቴ ራስጌ ግድግዳው ላይ ነበር የሚሰቀሉት። «ኮርቻው ውጭ ያደረ ሰው እሱም ውጭ እንዳደረ ቁጠሪው» ይላት ነበር። እናቴም «ኧረ ብታድርልኝ!» ትለው ነበር።

በበጋ ችግሩ ያን ያህል አልነበረም። በጥር የአካባቢው ፈረሰኞች ለበዓላቸው ሲሰበሰቡ አባቴ ሲጋልብ ውሎ ላብ የጠጣውን ጨርቅ ይዞ ሲመጣ፣ እናቴ በር ላይ ተቀብላ አጥር ላይ ታሰጣው ነበር፤ ፍራሹንም፣ አጎዛውንም፣ ብርድ ልብሱንም አውጥታ ፊትና ጀርባቸውን እያገላበጠች ስታናፍስ ትውልና ማታ ቤቱ የደረቀ ሣር ይሸት ነበር። ፀሐይን ደመወዝ እንደማትጠይቅ ሠራተኛ ነበር የምታያት።

መከራው ክረምት ነው፤ እንጅባራ ላይ ደግሞ ክረምት ገባ ማለት ምንም ነገር አይደርቅም ማለት ነው። እናቴ አሥራ ሁለት ሴቶች ያሉበት የሚካኤል ማኅበር ነበረቻት፤ በየወሩ አንዷ ቤት እየተሰበሰቡ ይዘክራሉ፤ ማን በየትኛው ወር እንደሚደግስ ዕጣ ሲጣል ለእናቴ የደረሳት ሐምሌ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሴቶቹ ገብተው ገና ጸሎቱ እንዳለቀ፣ የማኅበሩ ታላቅ የነበሩት እትዬ ዘውዴ አፍንጫቸውን ወደ መኝታ ቤቱ ቀና አድርገው «ፈረሱ እዚሁ ነው እንዴ የሚያድረው?» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ እናቴም አብራ ሳቀች። በሳምንቱ ገበያ ስትሄድ የማታውቃት ሽንኩርት ሻጭ «ፈረሱ ብርድ ልብስ ተገዛለት?» ብላ ጠየቀቻት። ያን ቀን እናቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ሽንኩርት እየላጠች ነው እንዳልል ሽንኩርቱን ሳትገዛ ነበር የተመለሰችው።

ዘመቻው የተጀመረው በቀጣዩ መጋቢት ነው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሲሆን አፍንጫዬ ጥሩ ነው ተብሎ ሥራ ተሰጠኝ። እናቴ ንጹሕ አየር እንድስብ አጥሩ በር ድረስ ትልከኝና ተመልሼ ስገባ «ምን ሸተተሽ?» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ አሽትቼ «አባ» አልኳት። አባቴ በሩ ሥር ተቀምጦ ልጓም እየጠገነ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና ያን ቀን ለማናችንም ሳይሆን ለዳማ ብቻ ሲያወራ ዋለ።

መጀመሪያ የተሞከረው አመድ ነበር። እናቴ የአባቴን ጫማ በተነፋ አመድ ሞልታ ታሳድርና ጠዋት ታራግፈው ነበር፤ እውነትም ሽታው ይጠፋል። አንድ እሑድ ግን ማራገፉን ረሳችውና አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ በየእርምጃው ከእግሩ ሥር አመድ ቡን እያለ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየው ስለ ጋቢው መስሎት ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ቀጥሎ ሎሚ መጣ። ከጫግኒ የሚመጣውን ሎሚ ለሁለት ቆርጣ በጨው የሥጋ መክተፊያውን ታሽበታለች፣ ልጣጩን ደግሞ ከጦስኝ ጋር በድስት እያፈላች ቤቱን ታጥነው ነበር። ቤታችን ግማሽ ቀን ሎሚ ሎሚ ይሸትና ከሰዓት በኋላ ፈረሱ ይመለሳል።

በመጨረሻ ጨርቁን ራሱን ልታጥበው ቆረጠች። አባቴ ዳማን ትቶ በእግሩ ዘንገና ወንድሙ ዘንድ በሄደ ቀን እንዶድ ቀጥቅጣ፣ አረፋውን አስነስታ፣ እኔ በእግሬ እየረገጥኩላት ውኃው እስኪጠራ ድረስ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ምንም አይሸትም ነበር፤ ደስታዋ ለጉድ ነበር። በማግስቱ አባቴ ጨርቁን ዳማ ጀርባ ላይ ሊያነጥፍ ሲል ፈረሱ አንዴ አሸተተና ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ደገመው፣ አሁንም አፈገፈገ፤ በሦስተኛው የአጥሩን እንጨት ረግጦ ሰበረ። አባቴ ከመናደድ ይልቅ ድል ያደረገ መሰለ። «የሰው ቤት ጨርቅ ነዋ የመሰለው!» አለ፤ ከዚያም ጨርቁን ሦስት ሌሊት ተከናንቦት አደረ። በአራተኛው ቀን ዳማ ተቀበለው። እጥበት በዚያው ተከለከለ።

ሰኔ ሲጋመስ እናቴ ተስፋ ቆርጣ ሽቶ ልትገዛ ጎረቤታችን ዘይነባ ሱቅ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ዘይነባ ከሳሙና እስከ ሚስማር የምትሸጥ ብርቱ ነጋዴ ነበረች፤ ያን ዕለት ግን ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አላወርድም አለች።

«ሽቶ ሽታን አያስወጣም፤ አብሮት ያድራል እንጂ። ይልቅ ከሰል አለሽ?»

«ከሰል ምን ያደርግልኛል?»

«ሰባብሪና በየጥጉ አስቀምጪው፤ ሽታ ይጠጣል። እኔ ይኼን ሁሉ ጋዝና ሳሙና ይዤ ሱቄ የማይሸተው በምን መሰለሽ?»

ከአዲስ ቅዳም ከተማ አንድ ጆንያ ከሰል መጣ። እናቴ በየስባሪው ሳህንና በየጣሳው እያደረገች ከአልጋ ሥር፣ ከሣጥን ውስጥ፣ ከኮርቻው ግርጌ አስቀመጠችው። ድመታችን አንደኛው ሳህን ውስጥ መተኛት ስለለመደች ነጭ አንሶላችን ላይ የጥቁር እግሯ ዱካ ታየ፤ እኔም ከመጠን በላይ አምኜበት ደብተር መያዣዬ ውስጥ አንድ ስባሪ ከሰል ከትቼ የሒሳብ ደብተሬን አጠቆርኩት። ግን ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ከአጥሩ በር ተመልሼ ስገባ ምንም ስላልሸተተኝ የምናገረው አጣሁ። አባቴ ብቻ ከሰሉን በጥርጣሬ እያየ «የበላውን አንድ ቀን ይተፋዋል» ይል ነበር።

የማኅበሩ ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ጨርቁና ኮርቻው ለጊዜው ዘንገና እንዲሄዱ አባቴን ለመነችው። «ጨርቁ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» አለ፤ ዳማን ጭኖ እውነትም ሄደ። እናቴ አልከለከለችውም።

የማኅበሩ ዕለት ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ሴቶቹ ጭቃ እየረገጡ፣ ነጠላቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ መጡ። እትዬ ዘውዴ የሟች ባላቸውን ትልቅ የበግ ጠጉር በርኖስ ደርበው ነበር፤ በርኖሱ የዘንገናን ሐይቅ ያህል ውኃ ጠጥቷል። ገብተው ሲቀመጡ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የደከምንበት ቤት በአንድ ጊዜ የበግ በረት ሆነ። እናቴና እኔ ተያየን። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቀን ነበር። አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ «በጎቹ እዚሁ ነው እንዴ የሚያድሩት?» ብትል እንጅባራ በማግስቱ ይሰማው ነበር። ቃሉ ከንፈሯ ድረስ ሲመጣ አየሁት። ዋጥ አደረገችውና «እትዬ፣ ይጨመርልዎ» ብላ ወጥ አወጣችላቸው፤ ቀጥሎም ሹልክ ብላ ከመኝታ ቤት አንዱን የከሰል ሳህን አምጥታ ቀስ አድርጋ ከመቀመጫቸው ሥር ገፋችው።

እትዬ ዘውዴ ጎንበስ ብለው አዩት። «ውይ ተባረኪ! እግሬ እኮ በረዶ ሆኖ ነበር። እሳቱስ ታዲያ?»

እናቴ ክው አለች። «እ... ላመጣልዎ ነው፣ እትዬ።»

ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። ፍም በመጫሪያ ታነሳ ነበር። «የአባትሽ ጫማ ውስጡ አለ፤ ያ ጨርቅ አለ። ሁሉንም በልቶታል እኮ!» አለች በሹክሹክታ። ምን አማራጭ ነበራት? ወደ እንግዶቹ ተመልሳ በሩን ከፈት አድርጋ ከሰሉን አቀጣጠለችው። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፤ እሷም ይዛ ነበር መሰለኝ ፊቷ ቀላ። ከሰሉ ጠሽ ጠሽ አለ፣ ትንሽ ጨሰ፣ ቀላ። ምንም አልተፋም። ይልቅ ሌሎቹም ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው የቀሚሳቸውን ጫፍ ማሞቅ ጀመሩ፤ ከበርኖሱ እንፋሎት ተነሣ፣ የበጉም ሽታ ሞቀ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚሸቱ ማንም አላወቀም።

ሲሸኙ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። እያንዳንዷ ስትወጣ ፊቷን ታያለች፣ የሆነ ነገር ትጠብቃለች። ስለ ዝናቡ አሉ፣ ስለ ጭቃው አሉ። እትዬ ዘውዴ የመጨረሻ ሆነው ወጡና እጇን ያዙ። «ቤትሽ ይሞቃል፤ ከዓመት ዓመት ያድርስሽ» አሉ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ደግሞ ዞሩ። እናቴ ወደ ፊት ሰገግ አለች። «ወጡ ጨው ትንሽ አንሶታል» አሉና ሄዱ። በሳምንቱ ገበያ ላይ የተጠየቀችው ስለ ጨው ነበር።

ዛሬ ዳንግላ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ፈረስ የለ፣ በርኖስ የለ፤ ቢሆንም ባለፈው ወር እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሁለት ቀን ሙሉ በሎሚ ሳሽ፣ ሳናፍስ፣ በየጥጉ ከሰል ሳስቀምጥ ሰነበትኩ። ገባች፤ አፍንጫዋን እያየሁ ቆምኩ። ስለ ባጃጁ ሹፌር አወራች፣ ስለ ጉልበቷ አወራች፣ መጋረጃዬን አጥሯል አለች፤ አድራም ሄደች። ለካ ሰው የሌለን ሽታ አያመሰግንም። መሸት ሲል ደወልኩላት።

«እማ፣ ያኔ እትዬ ዘውዴ በመጡበት ሐምሌ፣ ሴቶቹ ከመግባታቸው በፊት ቤታችን ምንም አይሸትም ነበር። ምንም።»



«እና አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን እየሳቀ ነበር፣ ወይም እያለቀሰች ነበር፤ ከዳንግላ ሆኜ መለየት አልቻልኩም።