ኮች እና ሚዛኑ

በኮቪዱ ሰሞን፣ ሂሊያርድ ከተማ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ የወረቀት ኩባያ ውስጥ ምራቃቸውን ሲተፉ አይቼ ደርቄ ቀረሁ። ልብ ብዬ ሳያቸው የኮሌጅ የትግል አሰልጣኜ፣ ኮች ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ጀርባቸውን መሬት ያስነካ አልነበረም።

ያ ስንታገልበት የነበረ፣ ላብ የጠጣ የላስቲክ ምንጣፍ ሸተተኝ። ኮሌጅ ሳለሁ፣ ከውድድር በፊት ለምድባችን ወደተወሰነው ክብደት እንድንወርድ ኩባያ እያስያዙ ምራቅ ያስተፉን ነበር። «ሳትመዘን እህል እንዳትቀምስ!» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ጾም ጸሎት የያዝኩ መስሏት ለቸርቹ ሰው ሁሉ ታወራልኝ ነበር።

አሁን አእምሯቸው ከድቷቸው እኔንም አያውቁኝም። ሾርባ በማንኪያ ሳቀርብላቸው እጄን ገፉት።

«ገና አልተመዘንኩም» አሉ።

ወስጄ መዘንኳቸው። ካለፈው ሳምንት ብዙ ወርደዋል። ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉኝ።