የመጨረሻዋ ቀይ ቁልፍ

ታናሹ አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ ወርቅ፣ ጠባዩ ግን ጉድ! ሸሚዝ ሲሰፋ ነጫጭ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች በወጉ ይደረድርና የመጨረሻዋን፣ ሱሪ ውስጥ የምትገባዋን፣ ቀይ ያደርጋታል። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ሲያያት እሳት ጎርሶ ይመለሳል።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«እኔ ነኛ!» ይለዋል አጎቴ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። «ሱሪህ ውስጥ ናት፣ ማን ያይብሃል?»

ደንበኛውም እየተነጫነጨ ይሄድና በዓመቱ ሌላ ጨርቅ ይዞ ከች ይላል።

ከቀይ ቁልፍ ያመለጡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ታላቁ አጎቴ፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠዋት ሰልፍ «ሸሚዝ አስገባ!» እያሉ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ኮሌታ መገልበጥማ በእሳቸው ዘንድ የለየለት ዱርዬነት ነው። ጥቁሩን ካፖርታቸውን ያሰፉ ጊዜ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አይተው ተረከቡ። «እኔን እንኳ ይፈራኛል» እያሉም ዐሥራ አንድ ዓመት ኮሩበት።

ልብስ ሰፊው ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ሚስቱን ቃል አስገባት። «ስትቀብሩኝ የሰፋሁላችሁን ልበሱ። ሸሚዙም ከሱሪ ይውጣ። ቁልፌን አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ይያት።»

ሲሞት ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች። ወሬው ዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ።

«ቀብር ነው ጨዋታ? አንድ ሰው ሸሚዙን አውጥቶ ባይ፣ ንግግሬን ትቼ እሄዳለሁ!»

«ጋሼ፣ ቃል ገብቼለታለሁ እኮ።»

«ለበሽተኛ የማይገባ ቃል የለም። በቃ!»

በቀብሩ ዕለት ሁሉም የሰፋለትን ለብሶ መጣ። ግን ማን ይድፈር? ጠጉሩ የሸበተው ሳይቀር የዳይሬክተሩ ተማሪ ነበርና ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ወትፎ ቆመ። ምስኪኗ ሴት ዓይኗ ከአንዱ ወገብ ወደ ሌላው ወገብ ሲንከራተት ዋለ።

ዳይሬክተሩ ወረቀታቸውን ዘርግተው «ወንድሜ ቁም ነገረኛ ሰው ነበር…» ብለው ሲጀምሩ ካፊያ ጣለ። ጃንጥላቸውን ለሟቹ ሚስት ሰጥተዋት ነበር። ቢቸግራቸው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ኮሌታቸውን ገለበጡ።

ከኋላቸው የቆመው ሰው መጀመሪያ የሳለ መሰለ። ቀጥሎ ግን በሳቅ ፍርስ አለ።

«ማነው የሚስቀው?»

ሚስቲቱ ጠጋ አለቻቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ኮሌታዎን ከኋላ ይዳስሱት።»

ዳሰሱ። ጣታቸው ቆመ። ቀይዋን ቁልፍ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመዋት ኖረዋል!

«ይሄ… ይሄ ባለጌ!» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አፋቸው ግን መሳቅ ጀምሮ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እኛ ዞሩ።

«ሰልፍ!»

ሽማግሌ ጎልማሳው ሁሉ ሳያስበው ቀጥ አለ።

«ሸሚዝ… አውጣ!»

ካፊያው ቆሞ ወደ ቤት ስንመለስም ዳይሬክተሩ ኮሌታቸውን አልመለሱም። ከፊት ከፊታችን ይሄዱ ነበር።